በሩ ላይ ጽሑፍ የሌለው ክፍል፦ አረቄና ሲጋራ ለማቆም የተመላለስኩበት ጤና ጣቢያ

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ ለስምንት ወራት ስለተከታተልኩት አገልግሎት ነው፤ መጠጥና ሲጋራ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ስለሚሰጠው ምክርና ክትትል። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም። ምስጋናዬ ቢበዛም ቅሬታም አለኝ፤ ቅሬታዬን ሳልሸፋፍን መናገር እፈልጋለሁ።

ግንበኛ ነኝ። ትውልዴ መንዝ ነው፤ ደብረ ብርሃን ከገባሁ 28 ዓመት አልፎኛል፤ ዕድሜዬ 51 ነው። ድንጋይ ጠርቤ፣ ቱንቢ ጥዬ፣ ውኃ ልክ አስተካክዬ ልጆች ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ከተማችን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ ሜዳው በውርጭ ይነጣል፤ ደጅ ያደረ ድንጋይ በባዶ እጅ ሲያነሡት እንደ እሳት ይፋጃል። በዚህ ብርድ የሚሠራ ሰው ሥራ ሳይጀምር አረቄ ቤት ጎራ ማለቱ በእኛ ዘንድ እንደ ቁርስ ይቆጠራል። በወጣትነቴ የቀን ሠራተኛ ሆኜ ስገባ የመጀመሪያዋን መለኪያ የሰጠኝ አለቃዬ ነበር፤ "ጠጣ፣ ብርድ ያወጣልሃል" ብሎ። ክፋት አስቦ አልነበረም። ለእርሱም የነገሩት ያንኑ ነው።

እንዲህ እያልኩ ጠዋት ሦስት፣ ማታ አምስት መለኪያ ላይ ደረስኩ። ሲጋራው በቀን 12 ፍሬ ነበር። ለ26 ዓመት አጭሻለሁ። ራሴን ግን ሰካራም ብዬ አላውቅም። ወድቄ አላደርኩም፣ ከሰው አልተጣላሁም፣ የልጆቼን የትምህርት ቤት ክፍያ አጉድዬ አላውቅም። ሥራ ላይ ስወጣ እጄ የሚረጋው ከሁለተኛው መለኪያ በኋላ መሆኑን ግን አውቅ ነበር። የቱንቢውን ክር ይዤ ቆሜ ክሩ በነፋስ ሳይሆን በእኔ እጅ እንደሚወዛወዝ አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ወደ ጤና ጣቢያው የወሰደኝ ሳልና ፍልሰታ ነው። ሳሉ ከአንድ ዓመት በላይ ከርሟል። አንድ የግል ክሊኒክ ለወራት እየተመላለስኩ ሽሮፕና የተለያየ አንቲባዮቲክ ገዝቻለሁ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ "ሲጋራ ታጨሳለህ?" ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። ጃኬቴ ትምባሆ ትምባሆ እየሸተተ ማለት ነው። ዛሬም ሳስበው የሚያንገበግበኝ ያ ነው፤ ገንዘቡ ሳይሆን አንድ ጥያቄ መጥፋቱ።

የ2016 ዓ.ም. ፍልሰታ ሊገባ ሲል ደግሞ በዚህ ጾም አረቄ አልቀምስም ብዬ ለባለቤቴ ቃል ገባሁ። በሌላው ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳልቀምስ፣ ከቅዳሴ መልስ በባዶ ሆዴ አረቄ እጎነጭ ነበር፤ ያ ራሱ ምን ያህል ጎጂ እንደሆነ የገባኝ ኋላ ነው። ባዶ ሆድ የገባ አልኮል እህል ስለማይገድበው ቶሎ ወደ ደም ይገባል። ለማንኛውም ሐምሌ 30 ማታ የመጨረሻውን ጠጥቼ ተኛሁ። ነሐሴ 1 ቀኑን ሙሉ ላብ አጠመቀኝ፣ እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እንቅልፍ አጣሁ። ነሐሴ 2 ጠዋት እቤቴ ውስጥ ወድቄ ተንፈራገጥኩ። እኔ አላስታውሰውም፤ ልጆቼ ግን አይተዋል፤ ትንሿ ልጄ እስከ ዛሬ ጮክ ብዬ ሳስነጥስ ትደነግጣለች።

ጎረቤት ክብሪት ጭሮ አሸተተኝ፤ ዘመዶቼ ጸበል ወሰዱኝ። እዚያ ያገኘናቸው አባት ነገሩን ከባለቤቴ ሰምተው "ጸበሉንም ጠጣ፣ ሐኪምም ዘንድ ሂድ፤ ሁለቱም የእግዚአብሔር ናቸው" አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ግን አልሄድኩም። በዚያው ማታ አንድ መለኪያ ጠጣሁ፤ መንቀጥቀጡ ቆመ። በሕይወቴ እንደዚያ ማታ ፈርቼ አላውቅም። ለ25 ዓመት ለብርድ ነው የምጠጣው ብዬ ነበር፤ ያን ቀን ላለመውደቅ እንደምጠጣ አወቅሁ።

መስከረም ላይ ወደ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። ካርድ ክፍል "ሲጋራና መጠጥ ለማቆም ነው" ስል ልጁ ግራ ተጋብቶ ወደ ተመላላሽ ሕክምና ላከኝ። ከዚያ ወደ ሳንባ ነቀርሳ ክፍል፣ ከዚያ ወደ ፋርማሲ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ካርድ ክፍል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገብቼ ትክክለኛው ክፍል የደረስኩት አምስት ሰዓት ሲሆን ነው። በሩ ላይ ምንም ጽሑፍ የለም። ሦስት ጊዜ በፊቱ አልፌዋለሁ።

ውስጥ ያገኘኋት ሲስተር ግን ያንን ሁለት ሰዓት ተኩል አስረሳችኝ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። መጀመሪያ ያለችኝ "ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ውኃ ልስጥዎ?" ነው። ቀጥላ ስለ ሲጋራ ጠየቀችኝ፦ "ጠዋት ከእንቅልፍዎ በነቁ በስንት ደቂቃ ነው የመጀመሪያውን የሚለኩሱት?" ማንም እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። ጫማዬን ሳላጠልቅ ነበር የምለኩሰው። ሱሱ የቱን ያህል ሥር እንደሰደደ ከፍሬው ብዛት ይልቅ ይህች ደቂቃ እንደምትናገር ያን ቀን ተማርኩ። ለመጠጡ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው አሥር ጥያቄ አለ፤ እያንዳንዱ መልስ ነጥብ አለው፤ ከፍተኛው 40 ነው። ከ8 ጀምሮ ያሳስባል፤ 20ና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውነት በመጠጥ ላይ ጥገኛ ሳይሆን አይቀርም ይባላል። የእኔ 27 ሆነ። አልተቆጣችም፣ አልመከረችም፣ "ሲያሳዝን" አላለችም። ቁጥሩን ጽፋ አሳየችኝ፤ በቃ።

በሁለተኛው ቀጠሮ የምጠጣበትን መለኪያ ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ። አረቄ የምትሸጥልኝን እትዬን ለምኜ ወሰድኩ። ሲስተር በመርፌ መቅጃው ውኃ እየለካች ሞላችው፤ 40 ሚሊ ሊትር ያዘ። ከዚያ ወረቀት ላይ አሰላችልኝ። ዳግም አረቄ በአብዛኛው ከመቶው 45 ገደማ አልኮል ነው፤ ተራው ወደ 35 ይጠጋል። ስለዚህ በአንዷ የዳግም መለኪያ ውስጥ 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ 330 ሚሊ ሊትሩ፣ 13 ግራም ገደማ ነው። "እንግዲህ ጋሼ፣ በየቀኑ ስምንት ጠርሙስ ቢራ ይጠጣሉ ማለት ነው" አለችኝ። እኔ ቢራ ጠጪ ሰዎችን ሳይ "እንዴት ይህን ሁሉ ይጨልጣሉ" የምል ሰው ነበርኩ። ጠርሙሱ ትልቅ፣ መለኪያዋ ትንሽ ስለሆነች ብቻ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። የዚህ አገልግሎት ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነበር፤ በራሴ ዕቃ ለክተው፣ በሚገባኝ ቋንቋ ነገሩኝ።

ስለ ብርዱም ጠየቅኋት። አረቄ እንደሚያሞቅ በሥጋዬ አውቃለሁ፣ እንዴት ውሸት ይሆናል? አስረዳችኝ። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይከፍታል፤ ከመሐል የነበረው ሞቃት ደም ወደ ቆዳ ይወጣል። ሙቀቱ የሚሰማን ለዚህ ነው። ነገር ግን ቆዳ ላይ የደረሰው ሙቀት ለነፋሱ ይሰጣል፤ ውስጣችን ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ላይ ሰውነት ሙቀት ለማምጣት የሚንቀጠቀጥበትን ኃይል መጠጡ ያዳክመዋል። ክረምት ላይ ደጁን ከፍቶ እሳት እንደሚሞቅ ቤት ማለት ነው። እኔ ግንበኛ ነኝ፤ ይህ ወዲያው ገባኝ።

ከሁሉ በላይ ያዳነኝ ግን ያዘዘችው ቅደም ተከተል ነው። የፍልሰታውን መውደቅ ስነግራት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ዛሬ ማታ እንዳያቆሙ" አለችኝ። መጠጥ ለማቆም የሄደ ሰው እንዲህ ሲባል ይደነግጣል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ለዓመታት በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው አንጎሉ መጠጡን ተላምዶ ስለሚኖር፣ ድንገት ሲቋረጥበት ከልክ በላይ ይነሣሣል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ሁለት ቀናት ውስጥ ሰውነትን የሚያንፈራግጥ መውደቅ ሊመጣ ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ከፍተኛ ትኩሳት ሊከተል ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። ስንቱ ሰው በየቤቱ እንደ እኔ ወድቆ "ያዘው" ተብሎ እንደቀረ እግዚአብሔር ይወቀው። ይህን የማያውቅ ሰው ቆራጥ ሆኖ በገዛ ቤቱ ሊሞት ይችላል። እባካችሁ ይህን አንድ ነገር ለምታውቁት ጠጪ ንገሩ፦ ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ብቻውን በአንድ ቀን አያቁም።

ሪፈር ጽፋልኝ ሆስፒታል ስድስት ቀን ተኛሁ። ዲያዜፓም በየቀኑ መጠኑ እየቀነሰ፣ ቫይታሚን ቢ1 ደግሞ በመርፌ ተሰጠኝ፤ ብዙ የሚጠጣ ሰው ይህ ቫይታሚን ስለሚያልቅበት አንጎሉ ይጎዳል አሉኝ። በሦስተኛው ማታ ጉንዳን ግድግዳው ላይ የሚርመሰመስ መሰለኝ፤ ነርሷ መጥታ እጄን ይዛኝ ቆየች። አልወደቅሁም።

ከምክሩ ጎን የተደረገልኝ ምርመራ የጤና ጣቢያው ጥሩ ጎን ነው፤ ምክሩን ከምርመራ አልነጠሉትም። ሳሌ ከሁለት ሳምንት ስላለፈ አክታዬ ለሳንባ ነቀርሳ ታየ፤ በነጻ ነው፤ ነጻ ሆኜ ተገኘሁ። ሲጋራም መጠጥም ለሳንባ ነቀርሳ እንደሚያጋልጡ አላውቅም ነበር። የደም ግፊቴ 160 በ100 ነበር። በአልትራሳውንድ ጉበቴ ላይ ስብ ታየ። ሐኪሙ ሲያስረዳኝ፣ በዚህ ደረጃ ያለ ጉበት መጠጥ ከቆመ ወደ ጤናው ሊመለስ ይችላል፤ ቀጣዩ ደረጃ ግን ጠባሳ ነው፤ ጠባሳው አንዴ ከያዘው በአብዛኛው አይመለስም። አልኮል ካንሰር እንደሚያመጣ ስሰማም የመጀመሪያዬ ነበር። የዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 ከትምባሆ ጋር በአንደኛው ምድብ አስቀምጦታል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ በአፍ፣ በጉሮሮና በምግብ ማውረጃ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ከየብቻቸው ድምር ይበልጣል፤ መጠጡ የጉሮሮን ሽፋን ለጭሱ መርዝ ያመቻቸዋል። እኔ ደግሞ አረቄን ያለ ሲጋራ ቀምሼ አላውቅም።

ሲጋራው ከአረቄው ይልቅ አስቸገረኝ። ሲስተር እዚህ ላይ እጇ አጭር ነበር። በቆዳ ላይ የሚለጠፍ ወይም የሚታኘክ የኒኮቲን ምትክ እንዳለ ነገረችኝ፤ ጤና ጣቢያው ግን የለውም፤ ሦስት የግል መድኃኒት ቤት ጠይቄ አጣሁ። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ያለ መድኃኒት በምክር ብቻ ነው የታገልኩት። ምኞቱ ሲነሣ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ መሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት እጅግ እንደሚከብዱ አስቀድማ ስለነገረችኝ ሲመጡብኝ አልደነገጥኩም። ኪሴ ውስጥ የገብስ ቆሎ ያዝኩ፤ ሲጋራ ሲያምረኝ ቆሎ እየቆረጠምኩ አንድ ድንጋይ ጠርቤ እጨርሳለሁ፤ ድንጋዩ ሲያልቅ ምኞቱም ያልፋል። ሁለት ጊዜ ተሸንፌ ለኩሻለሁ፤ አንዱ የወንድሜ ልጅ ሰርግ ላይ ነው። ስነግራት "አንድ ሲጋራ አጨሱ እንጂ መልሰው አጫሽ አልሆኑም" አለችኝ። ባትል ኖሮ ከዚያ ሰርግ በኋላ አልመለስም ነበር።

የጭሱን ነገር ስታስረዳኝ ከፍታችንን አነሣች። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። እዚህ ደጋ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ እኔ ካለችው ላይ እየቀነስኩ ነው ድንጋይ ተሸክሜ ርብራብ ላይ የምወጣው። ያ ጋዝ ሲጋራ በተቋረጠ በአንድ ቀን ውስጥ ከደም ይወጣል። ሳሉ ለመቀነስ ወራት ይፈጃል፤ የልብ ሕመም ሥጋት በዓመቱ በግማሽ ይወርዳል። የድንጋይ ብናኝና የሲጋራ ጭስ በአንድ ሳንባ ላይ ሲጫኑም የከፋ መሆኑን ነግራኝ፣ ስጠርብ አፍንጫዬን እንድሸፍንና ድንጋዩን ውኃ እንዳርከፈክፍበት አዘዘችኝ። ስለ ቤቴም ጠየቀችኝ። በብርዱ ምክንያት በርና መስኮት ዘግተን በአንዲት ክፍል ስድስት ሰው እንተኛለን፤ እኔ ማታ ማታ እዚያው አጨስ ነበር። የልጅ ልጄ በአንድ ክረምት ሁለት ጊዜ በሳንባ ምች ታሟል። ብርዱ ነው እንል ነበር። ስለዚህ ብዙ መጻፍ አልችልም።

ቅሬታዎቼን ልናገር። በሩ ላይ ጽሑፍ አለመኖሩን ጠቅሻለሁ። ክፍሉ የአእምሮ ሕመም ክትትልም የሚደረግበት ስለሆነ ሰው እየተናገረ ሌላ ሰው በር ከፍቶ ይገባል፤ ምስጢሩን ለመናገር ለመጣ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ አንድ መጋረጃ ይበቃ ነበር። በጥር ወር ሲስተር ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ስትሄድ የተካት ሰው አልነበረም፤ ሁለት ቀጠሮ ከንቱ ቀረብኝ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ከአጥሩ ሥር ያለው ጉሊት ነው፤ ሲጋራ በፍሬ ይሸጣል፤ ደብተር የያዙ ልጆች ሲገዙ አይቻለሁ። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላው ሰው ትምባሆም አልኮልም እንዳይሸጥ ይከለክላል። በጤና ጣቢያው ውስጥ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ አለ፤ አሥር እርምጃ ወጣ ብሎ ግን የሚጠይቅ የለም። ኃላፊዎቹን ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። በሦስተኛው እናገራለሁ።

ወጪው ቀላል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ደብተር ስላለን ለምክሩ ምንም አልከፈልኩም፤ ከኪሴ የወጣው ለመጓጓዣና ጤና ጣቢያው ላጣው የግፊት መድኃኒት ነው። የቀረብኝ የቀን ገቢ ግን አለ፤ አንድ ቀጠሮ ግማሽ ቀን ይበላል። ለቀን ሠራተኛ የማታ ወይም የቅዳሜ ሰዓት ቢኖር ብዙ ሰው ይመጣ ነበር።

እትዬን ሳላነሣ አላልፍም። አረቄ አውጥታ ሦስት ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፤ በእርሷ ላይ ቂም የለኝም። ማቆሜን ለመናገር ስሄድ እግሬ ከብዶኝ ነበር፤ ገቢዋ ነኝና። ሰምታኝ ትንሽ ዝም አለችና "መለኪያውን የወሰድከው ለዚህ ነበር?" አለች። አሁን ጠዋት ስሄድ ትኩስ የአጃ አጥሚት ትሠራልኛለች፤ በአረቄው ዋጋ። በታኅሣሡ ውርጭ ሁለት ግንበኞች ከእኔ ጋር አጥሚት ጠጥተዋል። ለሌሎቹ አረቄ መቅዳቷን አልተወችም፤ ልትተውም አትችልም፤ ቤቷ ይህ ነው።

ዛሬ ግንቦት ነው። ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ አረቄ አልቀመስኩም፤ ሲጋራ ከጥምቀት ወዲህ። የደም ግፊቴ 130 በ85 ሆኗል። ሳሉ ጠዋት ጠዋት ገና አለ። እጄ ቱንቢ ሲይዝ ክሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ እኔ በተመላለስኩበት ጊዜ አገልግሎቱ ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። ካርድ ክፍል ስትደርሱ "ሲጋራ ማቆሚያ" ብትሉ አያውቁትም፤ "የአእምሮ ጤና ክትትል" በሉ። ሌላም ጤና ጣቢያ ብትሄዱ በዚህ ስም ጠይቁ። የጤና መድኅን ደብተራችሁን አትርሱ፤ የሚያጅባችሁ ሰው ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ የምትጠጡበትንም መለኪያ በኪሳችሁ ያዙ።